ክረምት ክረምቱን በበረሃው ባሕር

ጎረቤቴ የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን አቆመና «ዘንድሮ አልሄድክም እንዴ?» አለኝ። ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ ከገባን ጀምሮ በጥር ወር ፊቴን አይቶት አያውቅም። «ጡረታ ወጣሁ» አልኩት። «ኮንግራቹሌሽንስ!» ብሎ ጓንቱን አውልቆ ጨበጠኝ። እኔ ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር አልታየኝም። አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ እንጂ በረዶ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚጣል እንኳ በደንብ አላውቅም። በዚህ ቤት ያን ሥራ የምታውቀው ባለቤቴ ጽጌ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሚኒሶታ ሰው ካፖርቱን ከቁም ሳጥን ሲያወጣ እኔ ካናቴራዬን ሻንጣ ውስጥ እከት ነበር። በሜክሲኮ፣ በባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ በምትዞር ትንሽ መርከብ ላይ ጀልባ ነጂ ነበርኩ። እንግዶቻችን የበረሃውን ዳርቻና እንስሳቱን ለማየት የሚመጡ ሰዎች ናቸው። መርከቧ ወደ ደሴቶቹ መጠጋት ስለማትችል በጎማ ጀልባ አሳፍሬ እወስዳቸዋለሁ፣ አሳያቸዋለሁ፣ እመልሳቸዋለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጽጌም ቀላል ነው ብላ ኖራለች።

ጀልባ የያዝኩት በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ላይ ነው። ራቅ ብለው መልሕቅ ለጣሉ መርከቦች ሠራተኛና ስንቅ አመላልስ ነበር። ከዚያ ነገር ዓለሙ ተለዋወጠና በጅቡቲ በኩል ዞሬ ሚኒያፖሊስ ደረስኩ። ፊሊፕስ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ፣ ቀጥሎ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ባሕር የሚባል ነገር ከሕይወቴ ወጥቷል ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሴንት ፖል ወንዙ ዳር ስዞር፣ ሚሲሲፒ ላይ ሰው የምታዝናና ጀልባ ወደ ማረፊያዋ ስትጠጋ አየሁ። ገመድ የሚወረውረው ልጅ ሳተና ገመዱ እግሬ ሥር ወደቀ። ሳላስበው አንስቼ አሰርኩት። እጄ አልረሳውም ነበር። ከላይ ሆና የምታየኝ ሴት «ነገ መምጣት ትችላለህ?» አለችኝ። ሊን ትባላለች። ያኔ ምክትል ነበረች፣ በኋላ ካፒቴን ሆነች፤ አለቃዬም እስከ መጨረሻው እሷ ነበረች።

ወንዙ በረዶ ሲሆን ጀልባዋ ትታሰራለች፤ ሊን ደግሞ ክረምቱን ባሃ ትሠራለች። በሁለተኛው ዓመት «አብረኸኝ ና» አለችኝ። ልጃችን ሜሮን ያኔ ዳዴ ትላለች። ጽጌ «እስከ ሚያዝያ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። «ለዘንድሮ ብቻ» አልኳት። ለዘንድሮ ብቻ ያልኩት ነገር ፀጉሬን አሸበተው።

የመጀመሪያዋን ጠዋት አልረሳትም። ከእንቅልፌ ተነስቼ ወደ መርከቧ አፍንጫ ስወጣ ቀይ ገደል፣ ሣር የማያውቅ ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ ጸጥ ያለ ሰማያዊ ባሕር። አፌን ይዤ ቀረሁ። አሰብ ተመልሼ የመጣሁ መሰለኝ። ሽታው ራሱ ያው ነው፤ ጨው፣ የጋለ ድንጋይ፣ የወፍ ኩስ። ልዩነቱ ቁልቋሉ ነው፤ እዚያ ያለው ቁልቋል ፎቅ ቤት ያህላል። እንባዬ መጣ። ሊን አይታኝ «አመመህ?» ስትለኝ «ነፋሱ ነው» አልኳት። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

የመርከበኞቹ አለቃ ራሞን የሚባል የላ ፓዝ ሰው ነበር። አጠር ያለ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ኪሱ ብርቱካን የማይለየው። እንግሊዝኛው ከእኔ ያነሰ፣ እኔ ደግሞ ስፓኒሽ ጭራሽ የማላውቅ፤ መጀመሪያ የተግባባነው በእጅና በዓይን ነው። እኔ የቀይ ባሕር ልጅ ነኝ ብዬ ኮራ ኮራ እል ነበር። ራሞን በመጀመሪያው ሳምንት ኩራቴን አወረደልኝ። እንግዳ ሲገባ እጅ ለእጅ ጨብጬ ስስበው አየኝና ወደ ጎን ጠራኝ። መዳፌን በዘይት ቀባና ጨበጠኝ፤ ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ክንዴን ያዘ፣ የራሱንም ክንድ አስያዘኝ፤ ዘይቱ እያለ እንኳ አልላቀቅም አለ። ከዚያን ቀን በኋላ ሰው በክንዱ እንጂ በመዳፉ ይዤ አላሳፈርኩም።

ሰው ሲሳፈር ራሞን ማንንም አያናግርም። ካፒቴን ብትጠራው እንኳ አይሰማም። ዓይኑ የእንግዳው እግር ላይ ነው። «ፊት አትይ፣ እግር እይ» ይለኝ ነበር። ሰው ጀልባ ሲገባ ፊቱ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ አልፈራሁም ይላል፤ እውነቱን የሚናገረው እግሩ ነው። የጎማውን ጠርዝ ይረግጣል፣ ወለሉን ይረግጣል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ እየተንፏቀቀ ይጠጋል። ሌላው ሲገባ የተቀመጠው ከቶ አይነሳም። ይህን ሕግ በየቀኑ ለእንግዳ ሁሉ እንናገራለን፤ እኔ በእንቅልፌም እናገረው እንደነበር ጽጌ ነግራኛለች።

ከእንስሳ ጋር ደግሞ ራሞን ሌላ ጠባይ ነበረው። ቀጥ ብሎ አይሄድባቸውም። የባሕር አንበሶች የተኙበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው በጎን ያልፋል፤ ይመለሳል፤ ትንሽ ይጠጋል፤ ደግሞ ያልፋል። በሦስተኛው ዙር ግልገሎቹ ራሳቸው እየዋኙ መጥተው ገመዱን ይነክሳሉ። ዓሣ ነባሪ ካለ ሞተሩን ያጠፋና ብርቱካኑን መላጥ ይጀምራል። እንግዶች «ለምን አንከተላቸውም?» ብለው ሲቁነጠነጡ ብርቱካን ያድላቸዋል። «ቤታቸው ነው። ከፈለጉ ይወጣሉ» አለኝ አንድ ቀን። እኔም ከዚያ ወዲህ ብርቱካን መያዝ ጀመርኩ።

ስንቱን አየሁ መሰላችሁ! እግራቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሚመስል ወፎች አሉ፤ ወንዱ ሴቷ ፊት ቆሞ አንዱን እግር ያነሳል፣ ያሳያታል፣ ሌላውን ያነሳል። ሰፋፊ ጠፍጣፋ ዓሦች ከባሕሩ እየዘለሉ በሆዳቸው ጷ! ብለው ይወድቃሉ፤ ለምን እንደሚዘሉ ሳይንቲስቶቹም እርግጡን አልነገሩኝም። አንድ ዓመት እዚሁ ሚኒሶታ ካለችው ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የመጣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹ አስገድደው የላኩት። ቀናት ሙሉ ቃል አልወጣውም። ዶልፊኖች ከበቡንና ባሕሩ እንደሚፈላ ድስት ሲሆን ተጠግቶ «መሪውን ትንሽ ልያዝ?» አለኝ። ሰጠሁት። «ዕድሜዬን ሙሉ ነዳሁ፣ መንገድ በሌለበት ግን ነድቼ አላውቅም» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የገና ካርድ ይልክልኛል።

ይህን ሁሉ እኔ ሳይ ጽጌ የት ነበረች? አፕል ቫሊ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታማሚ አገላብጣ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ የመኪና መግቢያውን ጠርጋ፣ በሩ ላይ የበረዶ ማሟሚያ ጨው በትና። ወደብ ስንደርስ እደውላለሁ። «መኪናው አልነሳም አለ» ትለኛለች። «ሜሮን ትኩሳት አላት» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የዶልፊኖቹን ፎቶ ላክሁላት። «ያምራል። የቤቱ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ ግን ቆሟል» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ መላክ ተውኩ።

ተጣልተን አናውቅም፤ ይህን ልናገርላት ይገባኛል። ግን ሚያዝያ ላይ ጠቁሬ ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ኃይሉ ከቬኬሽን መጣ?» የሚሏት ሰዎች ነበሩ፤ እሷም «አዎ፣ መጣ» ትላለች። ሥራ ላይ ነበር ብላ አታውቅም። ያሳደጓት አጎቷ ጋሼ መኩሪያ ደግሞ ፊት ለፊቴ «ልጄ፣ ሽርሽሩ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። ለቀልድ ነው፤ ግን ይወጋል። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ይህ የመጨረሻዬ ነው ያልኩ ጊዜ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጽጌ አንዴ መጥታ እንድታይ። እንድታመሰግነኝ አይደለም። ያን ሁሉ ክረምት ትቻት ስሄድ ስጫወት እንዳልከረምኩ እንድታውቅልኝ ነው።

ሊን ያልተያዙ ክፍሎች አሉ፣ ቤተሰብህን በትንሽ ዋጋ አምጣ አለችኝ። ጽጌ «ውኃ እፈራለሁ» አለች። ጋሼ መኩሪያ ግን ሰማንያ አልፈው እንኳ «እኔ እሄዳለሁ!» አሉ። እሳቸውን ብቻቸውን መስደድ አይሆንላትም። ይህን የሰሙ አራት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ተጨመሩ። መርከቧ ላይ ሲወጡ ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ሚጥሚጣ ግን ነበር። በመጀመሪያው ራት ላይ ቆመው ሲጸልዩ ሌሎቹ እንግዶችም ሹካቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። ጽጌ ግን መርከቧን ዞራ አይታ «ታዲያ አንተ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። «ነገ ታያለሽ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሕጉን በአማርኛ ነገርኳቸው። አንድ በአንድ፣ በክንድ፣ ቁጭ፤ ከዚያ ማንም አይነሳም። «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። ቀልጠፍ ብለው ገቡ፤ ጽጌም ዓይኗን ጨፍና ገባች። ጋሼ መኩሪያ ባርኔጣቸውን ረስተው ስለተመለሱ መጨረሻ መጡ። በመርከቧ ጎን በወረደው ደረጃ ላይ፣ ከላይፍ ጃኬቱ ሥር ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ብቅ አሉ።

«ኖር!» አለች ጽጌ።

«ኖር! ኖር!» አሉ ሁሉም፤ አምስቱም ብድግ አሉ። ቦታ ሊለቁላቸው በእሳቸው በኩል ግልብጥ ብለው ቆሙ። ጀልባው ወደ አንድ ጎን ሰመጠ። ታዲያ እኔስ? እኔ ቀና ብዬ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ እጅ ነስቼ፣ በሁለት እጄ መዳፋቸውን ይዣለሁ። ዕድሜ ልኬን ያስያዝኩት ክንድ በዚያች ቅጽበት ከራሴ ጠፋ።

ጋሼ መኩሪያ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» እያሉ አንድ እግራቸውን ጠርዙ ላይ እንዳሳረፉ ጠርዙ ከዳቸው። መዳፋቸው ከእጄ ሾለከና በመርከቧና በጀልባው መካከል ገቡ።

ውኃው አይደለም የሚያስፈራው፤ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለብሰዋል። የሚያስፈራው ማዕበሉ ነው። ጀልባውን ገፍቶ ከመርከቧ ብረት ጋር ሲያጋጨው መካከል ያለ ሰው ይጨፈለቃል። ጠርዙ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩና ሁለት እግሬን መርከቧ ላይ ተክዬ ጀልባውን ገፋሁ፤ በአንድ እጄ ጃኬታቸውን ከማጅራታቸው ላይ ያዝኩ። ማዕበሉ መጣ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ሰማሁት። «ቁጭ!» ብዬ ጮኽኩ። «ጽጌ፣ ቁጭ በዪ! ወደ ወዲያኛው ጠርዝ! አንቺም! አንተም! እጁን የሚያወጣ እንዳይኖር!» ሁሉም እየተንፏቀቁ በወዲያኛው ጠርዝ በኩል ተቀመጡ፤ ጀልባው ተስተካከለ። ደረጃው ላይ የነበረው መርከበኛ ወርዶ ተጋግዘን ሳብናቸው።

ወለሉ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ተፉና አንድ ጫማቸውን ፈለጉ፤ የለም። ባርኔጣቸውም እየተንሳፈፈ ሄዷል። «እኔ በወጣትነቴ በሙሉ ጥምቀት ተጠምቄ ነበር፤ ምን ጎደለና ደገምከኝ?» አሉኝ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን የተቀመጡትን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ስለነበር አልሳቅሁም። ጽጌም አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሊን ክፍሏ ጠራችኝ። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ከእጄ ሰው ውኃ ገብቶ አያውቅም ነበር። «ኃይሉ፣ ሕጉን ታውቃለህ። በዚህ ጉዞ ከእንግዲህ አትነዳም» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። የዚህ ጉዞ ማለት የሕይወቴ ማለት ነው። የመጨረሻዬ መሆኑን ሳላውቅ የመጨረሻውን ነድቼ ጨርሻለሁ። ወጥቼ ከሞተሮቹ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስንት ሺህ ፈረንጅ በሰላም አመላልሼ፣ የጣልኩት የገዛ ሽማግሌዬን፤ ያየችኝም የገዛ ሚስቴ። ያን ምሽት ጽጌ ጉልበቴን በበረዶ አሰረችልኝ እንጂ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አፍራብኛለች ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር፤ ዓሣ ነባሪዎቹ። መርከቧ የምድሩን ጫፍ ዞራ ወደ ፓስፊክ በኩል ወጣች፤ እዚያ ግራጫዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ግልገሎቻቸውን የሚያሳድጉበት የተከለለ ውኃ አለ። በዚያ ውኃ ሰው የሚያመላልሱት የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ብቻ ናቸው። ራሞንም መርከቧን ከተወ ወዲህ ሥራው ያ ነው። ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ ሲያየኝ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ። «ሰው ወደቀብኝ» አልኩት። «ወጣ?» አለኝ። «ወጣ።» «እንግዲህ ወጣ» አለና ብርቱካን ወረወረልኝ።

ሞተሩን አጠፋ። ጠበቅን። ሌሎቹ ጀልባዎች ጋ ጩኸትና ሳቅ ይሰማል፤ እኛ ጋ ምንም። እኔ ውስጤ ነደደ። ከዚያ ውኃው ከሥራችን ቀለሙን ለወጠ። እናቲቱ ቀስ ብላ ወጣች፣ እፍ ብላ ረጨችን፤ ግልገሏ ከጎኗ ራሱን ብቅ አድርጎ ተመለከተን። ጋሼ መኩሪያ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። «የተላጠ እንቁላል!» አሉና ጮክ ብለው ማመስገን ጀመሩ። ሌሎቹም እየተሻሙ ነኩት። «ጽጌ፣ ንኪው! አሁን ንኪው!» አልኳት። «ተወኝ» አለችኝ። ግልገሉን አላየችውም ማለት ይቻላል። ራሞን እንግዶቹ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ በእጁ ምልክት እንዴት እንደሚመልሳቸው ነበር የምታየው። ግልገሉ ሄደ። በቃ አለቀ አልኩ በልቤ፤ ከዚህ የበለጠ የማሳያት ነገር የለኝም።

በአውሮፕላኑ ውስጥ መስኮቱን እያየች መጣች። ቤት ገባን። በረዶው እንዳለ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ሜሮን ከቺካጎ ደወለች። እኔ ጉልበቴን ወንበር ላይ ሰቅዬ ሳሎን ተቀምጫለሁ፤ ጽጌ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ልብስ ታጥፋለች።

«ማም! ዲድ ዩ ሲ ዘ ዌልስ?» አለች ሜሮን።

«ዓሣ ነባሪዎቹን? አየሁ። ትልልቅ ናቸው።»

«ዛትስ ኢት? ይኸው ብቻ? ማም፣ ካም ኦን!»

ጽጌ የያዘችውን ፎጣ አስቀመጠች። «አባትሽን ሥራ ላይ አየሁት» አለች። «ጋሼ መኩሪያ ባሕር ገቡ። እኛ ነን የጣልናቸው፣ ብድግ ብለን። አባትሽ በእግሩ ያን መርከብ ገፍቶ፣ በአንድ እጁ እሳቸውን ይዞ፣ እኛን ሁላችንን ጮኾ አስቀመጠን። እኔንም! በዚህ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኖ» አለች ሜሮን፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እኔም አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት በረዶ ስጠርግ፣ እሱ ፀሐይ እየሞቀ ነው እል ነበር። ለሰውም እንደዚያ ነው የምናገረው። ለካ ሰው ይዞ ነው የሚከርመው። በየቀኑ፣ የሰው ሕይወት በእጁ ይዞ።»

ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። «በል፣ ልጅህን አናግራት» አለችኝ። የልጄን ፊት አየሁና «ደህና ነሽ ወይ?» ብቻ አልኳት።